ለቃለ መጠይቁ ስናጠና

[የአንዲት ትንሽ ላውንደሪ ጓዳ። የተተኮሱ ሸሚዞች በቁጥር ተሰቅለዋል፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ነፋስ ይገባና ሁሉም አንድ ላይ ትከሻቸውን ይሰብቃሉ። አጣቢው ካውያ ይዞ ቆሟል። የእህቱ ባል፣ ታክሲ ሹፌሩ፣ የተገለበጠ የሳሙና ሳጥን ላይ ተቀምጦ ወረቀት ዘርግቷል። የምሳ ሰዓት ነው።

አጣቢውና እህቱ የሌላ አገር ዜግነት አላቸው። ለሥራ ወደዚህ መጥተው እሱ የዚህን አገር ልጅ አገባ፤ እሷ ሹፌሩን አገባች። አሁን ሁለቱም የትዳር ጓደኞቻቸውን ይዘው ወደ አገራቸው ሊመለሱ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ጠይቀውላቸዋል። ትዳሩ የእውነት መሆኑን የኤምባሲው ጠያቂ ካላመነች ፈቃድ የለም፤ አንዱ ይሄዳል፣ አንዱ ይቀራል። ነገ ጠዋት ከሁለቱ ጥንዶች አንዱ ይቀርባል። የትኛው እንደሆነ ሹፌሩ አልጠየቀም። ሹፌሩ ጠይቆ አያውቅም፤ ያውቃል።]

ሹፌሩ፦ በግራ ነው በቀኝ? ይሄ እኮ የአንድ ቃል መልስ ነው!

አጣቢው፦ ጋሼ፣ በጀርባዬ ተኝቼ ነው ወይስ በሆዴ?

ሹፌሩ፦ ምን አገናኘው?

አጣቢው፦ በጀርባዬ ስተኛ በግራዬ ናት። ስገለበጥ በቀኜ ትሆናለች። እሷ ግን ንቅንቅ አላለችም።

ሹፌሩ፦ የጠየቅኩህ አልጋውን ነው! አንተን ማን ጠየቀህ?

አጣቢው፦ አልጋው ግራ አለው እንዴ?

ሹፌሩ፦ [ወረቀቱን ጭኑ ላይ እየመታ] አለቀልን! ጠያቂዋ «ሚስትህ አልጋው ላይ በየት በኩል ትተኛለች?» ስትልህ «እንደ አገላበጤ» ልትላት ነው? ማኅተሟን አንሥታ ዷ! ውሸት ነው። አንተ ወደዚያ፣ ሚስትህ እዚህ። በየአውሮፕላን ማረፊያው ስታለቅስ ትኖራለህ።

አጣቢው፦ በመስኮቱ በኩል ነው የምትተኛው።

ሹፌሩ፦ እህ! ቀድሞውኑ እንዲህ አይባልም?

አጣቢው፦ ብርድ ሲሆን ግን በግድግዳው በኩል ነው። መስኮቱ አይገጥምም፤ ነፋስ ያስገባል። ወደ መስኮቱ እኔ እሄዳለሁ።

ሹፌሩ፦ ብርዱን እርሳው። መንግሥት ስለ ብርድ ምን ገዶት? የሚወደው አጭር መልስ ነው።

አጣቢው፦ ይህን ማን ነገረህ?

ሹፌሩ፦ ጠበቃ። የስደተኞች ጉዳይ ጠበቃ። ባለፈው ወር አርባ ደቂቃ ሙሉ ጭኜዋለሁ።

አጣቢው፦ አስረዳህ?

ሹፌሩ፦ ስልክ ላይ ነበር።

አጣቢው፦ ስለ ፈቃድ ነው ያወራው?

ሹፌሩ፦ ምሳ እያዘዘ ነበር። «ሽንኩርት አይግባበት» አለ፤ ዘጋው። እይ እንግዲህ! አንድ ትርፍ ቃል የለችም። ሕግ ማለት ይሄ ነው።

አጣቢው፦ [ካውያውን አስቀምጦ] ጋሼ፣ እኔ የጠራሁህ ልነግርህ…

ሹፌሩ፦ አውቃለሁ። ጨንቆሃል። አይጨነቅህ፣ እኔ እያለሁ? የኔ ጉዳይ አንዴ ካለቀ ቢሮ እከፍታለሁ፤ ታክሲውን ሸጬ ሰው ነው የማማክረው። ቀጥል! ፎርሙ ላይ «ወደፊት የት ትኖራላችሁ?» ለሚለው ምን ጻፍክ?

አጣቢው፦ እዚያ።

ሹፌሩ፦ [እጁን ግንባሩ ላይ] እዚያ!

አጣቢው፦ እዚያ ልንኖር አይደል የምንሄደው? አሠሪዬን በሁለት ወር እለቃለሁ ብዬ ደብዳቤ አስገባሁ። የአጎቴ ልጅ ቤቱን ሊያካፍለን ፈርሞ ላከልኝ። ወረቀቱ እኮ ዜጋው ውጭ አገር የሚኖር ከሆነ ሚስቱን ይዞ እንደሚመለስ ያሳይ ይላል።

ሹፌሩ፦ ወጥመድ ነው።

አጣቢው፦ ወጥመድ?

ሹፌሩ፦ አንተ ሞኝ! መንግሥት «ትመጣለህ?» ሲልህ «እመጣለሁ» ካልክ «ምን ሊያደርግ ነው የሚመጣው?» ይላል። ዘወር በልበት! «ኧረ እዚህ ተመችቶኛል፣ ወንበር ገዝቻለሁ፣ መጋረጃ አስቀይሬያለሁ፣ ብትለምኑኝም አልመጣም» በለው። ያኔ እሱ ይለምንሃል።

አጣቢው፦ ካልለመነኝስ?

ሹፌሩ፦ መጋረጃው ይቀርልሃላ!

[አጣቢው ከኪሱ አንድ የተጨማደደ የደንበኛ ቁጥር ወረቀት አውጥቶ ይጽፋል።]

ሹፌሩ፦ ምን ትጽፋለህ?

አጣቢው፦ ያልከውን። እንዳልረሳው።

ሹፌሩ፦ ጻፍ፣ ጻፍ፤ መጻፍ ጥሩ ነው። አሁን ፎቶ። «አብራችሁ የተነሣችሁትን አሳዩ» ይላሉ። የት አለ?

[አጣቢው ከመደርደሪያው ላይ ወፍራም ፖስታ አውርዶ ይሰጠዋል። ሹፌሩ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ያገላብጣል። ፊቱ ቀስ በቀስ ይጨልማል።]

ሹፌሩ፦ ይሄ አንተ ነህ።

አጣቢው፦ አዎ።

ሹፌሩ፦ ይሄም አንተ ነህ። ይሄ… አንተ፣ እየሳቅክ። አንተ፣ ሐብሐብ ስትበላ። አንተ፣ ካልሲ ስትፈልግ። አንተ፣ ተኝተህ፣ አፍህ ተከፍቶ! ሚስትህ የት አለች?

አጣቢው፦ እሷማ እያነሣች ነዋ። ፎቶ ማንሣት ሥራዋ አይደል? ካሜራውን ለሰው አትሰጥም። እኔ ሳነሣ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ካውያ የለመደ እጅ ቀለል ያለ ነገር ሲይዝ ያስቸግረዋል።

ሹፌሩ፦ ስንት ናቸው?

አጣቢው፦ ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት።

ሹፌሩ፦ ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት ፎቶ፣ አንድም ሚስት! ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ራስህን እንደምታፈቅር ነው የሚያረጋግጠው። ከራስህ ጋር ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ይሰጡሃል!

አጣቢው፦ ታዲያ ምን ይሻላል?

ሹፌሩ፦ ዛሬውኑ አዲስ ተነሡ። ልብስ እየቀያየራችሁ። በአንዱ ካፖርት፣ በአንዱ ቲሸርት፣ በአንዱ ጃንጥላ። የአራት ዓመት ትዳር ፎቶ በአንድ ከሰዓት በኋላ ያልቃል። እሷ ካልተመቻት እህትህ ትቁምልህ፤ ፊቷን ብቻ ዞር ታድርግ።

አጣቢው፦ እህቴን አግብቼ ልገኝ?

ሹፌሩ፦ ከጀርባ ማን ይለያታል?

አጣቢው፦ አንተ አትለያትም?

ሹፌሩ፦ እኔማ… እለያታለሁ እንጂ። ባሏ አይደለሁ? ወደ ጥያቄው! ነገሩ ምን መሰለህ፣ ለየብቻ ነው የሚያስገቧችሁ። አንተን አንድ ክፍል፣ እሷን አንድ ክፍል። ተመሳሳይ ጥያቄ። መልሳችሁ ከተለያየ አበቃ። ሚስትህ ስትናደድ ምን ታደርጋለች?

አጣቢው፦ የካሜራውን መስታወት ትጠርጋለች። አንዴ ከጠረገችው ትንሽ ነገር ነው። ሁለቴ ከጠረገችው ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሦስተኛ ከጀመረች ምን እንዳጠፋሁ ባላውቅም ይቅርታ ጠይቄ ሳህን አጥባለሁ።

ሹፌሩ፦ ረዘመ! ረዘመ! «ትቆጣለች» በል፤ በቃ።

አጣቢው፦ እሷ ግን አትቆጣም እኮ።

ሹፌሩ፦ አቤት አንተን ማስተማር!

አጣቢው፦ ጋሼ፣ እስኪ በምሳሌ አሳየኝ። እንዴት አሳጥሬ እንደምናገር እንድይዘው። እኔ ጠያቂዋ ልሁን፤ አንተ ስለ እህቴ መልስልኝ።

ሹፌሩ፦ [ኮቱን እያስተካከለ] አሁን ገባህ! ጠይቅ። ከፈለግክ እያጨበጨብክ ጠይቅ።

[አጣቢው የመተኮሻ ጠረጴዛውን በመካከላቸው ያደርጋል፤ እጆቹን አጣምሮ ይቆማል። በድንገት ቢሮ የገባ ይመስላል።]

አጣቢው፦ ሚስትዎ ምን ትሠራለች?

ሹፌሩ፦ ሆስፒታል።

አጣቢው፦ ሆስፒታል ምን?

ሹፌሩ፦ ውስጥ።

አጣቢው፦ ውስጥ ምን ትሠራለች?

ሹፌሩ፦ ነጭ ትለብሳለች። ጠዋት አደርሳታለሁ፣ ከሰዓት እመልሳታለሁ፤ ነርስ ናታ! ምን ትሆናለች ታዲያ?

አጣቢው፦ [ይጽፋል] የሆስፒታሉ ወጥ ቤት ኃላፊ ናት፣ ጋሼ።

ሹፌሩ፦ ምን?

አጣቢው፦ ነጩ ሽርጥ ነው። እዚሁ ነው የምናጥበው፤ ቲማቲሙ አልለቅ ብሎ ስንት ቀን አስቸግሮኛል።

ሹፌሩ፦ ወጥ ቤት! ታዲያ ባመመኝ ቁጥር የምጠይቃት?

አጣቢው፦ ምን ትልሃለች?

ሹፌሩ፦ «ሾርባ ጠጣ።» ራሴን ሲያመኝ ሾርባ፣ ወገቤን ሲያመኝ ሾርባ። እኔ ደግሞ ለሰው ሁሉ «ሚስቴ መድኃኒት ማብዛት የማትወድ ባለሙያ ናት» እላለሁ!

አጣቢው፦ ቀጥለን… ሻይዋን በስንት ስኳር ትጠጣለች?

ሹፌሩ፦ ሁለት! ይሄን እንኳ አትነካኩኝ። ጠዋት ጠዋት በገዛ እጄ ነው የማደርግላት። ሁለት ማንኪያ፣ ሞላ አድርጌ።

አጣቢው፦ ስኳር ካቆመች ሦስት ዓመቷ ነው።

ሹፌሩ፦ በየቀኑ የማቀርብላትስ? ብርጭቆው ባዶውን ነው የሚመለሰው!

አጣቢው፦ ልታሳዝንህ አትፈልግም። ዞር ስትል በረንዳ ላይ ያለው አበባ ላይ ትደፋዋለች።

ሹፌሩ፦ [ከሳጥኑ ብድግ ብሎ] አበባው! ሦስቴ ተክዬ ሦስቴ የደረቀው! የጎረቤቱ ድመት ነው ብዬ ከሰውየው ጋር እስከዛሬ አንነጋገርም!

አጣቢው፦ [ይጽፋል] «ከጎረቤት ጋር ያለ ግንኙነት»…

ሹፌሩ፦ ይሄን አትጻፈው!

አጣቢው፦ ስትናደድ ምን ታደርጋለች?

ሹፌሩ፦ [ኩራቱ እየተመለሰ] እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ትዳር የሚታየው። ሚስቴ ተናዳ አታውቅም። ዘጠኝ ዓመት! አንድ ቀን! እኔ ሳወራ ዝም ብላ ትሰማኛለች።

አጣቢው፦ ጋሼ…

ሹፌሩ፦ ጸጥ ብላ። እንዲህ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ።

አጣቢው፦ ጋሼ፣ እታለም ከልጅነቷ ጀምሮ ስትናደድ ነው ዝም የምትለው።

[ሹፌሩ ቀስ ብሎ ይቀመጣል። ከማጠቢያው ማሽን ውኃ ሲወርድ ይሰማል።]

አጣቢው፦ ብዙ ጊዜ ዝም ትላለች?

ሹፌሩ፦ ሁልጊዜ።

አጣቢው፦ [አይጽፍም] እሺ። ልደቷ መቼ ነው?

ሹፌሩ፦ ብርድ ሲጀምር አካባቢ… ወይ ሲያበቃ። ቆይ! ቆይ እንጂ። የምመረመረው እኔ ነኝ እንዴ? ነገ ጠያቂዋ ፊት የምትቀርበው አንተ ነህ! እኔ ሚስቴን ባውቃት ባላውቃት ላንተ ምን ይረባሃል?

አጣቢው፦ እኔማ ተጠይቄ ጨርሻለሁ።

ሹፌሩ፦ መቼ?

አጣቢው፦ ባለፈው ሳምንት። የሚስቴ ፈቃድ ትናንት መጣ። ልነግርህ ገና በሩ ላይ «ጋሼ፣ የምሥራች» ስልህ «ቆይ፣ መጀመሪያ ይሄን ስማ» አልከኝ።

ሹፌሩ፦ ነገ ሦስት ሰዓት ነው አላልክም?

አጣቢው፦ «ነገ ሦስት ሰዓት ቃለ መጠይቅ አለ» አልኩህ። «አውቃለሁ፣ ና ላስጠናህ» አልከኝ። የማን እንደሆነ ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር።

ሹፌሩ፦ የማን ነው?

አጣቢው፦ ያንተ።

[ሸሚዞቹ ትከሻቸውን ይሰብቃሉ። ሹፌሩ ወደ ሸሚዞቹ ያያል፤ ከእነሱ አንዱ የሚረዳው ይመስል።]

ሹፌሩ፦ ሚስቴ አልነገረችኝም!

አጣቢው፦ እሑድ ልትነግርህ ቁጭ ስትል የቀጠሮ አያያዝ አስረዳሃት። ሰኞ ደብዳቤውን ሰጠችህ፤ ሳትከፍተው ውስጡ ምን እንደሚል ነገርካት።

ሹፌሩ፦ የመብራት ክፍያ መስሎኝ…

አጣቢው፦ ትናንት ደግሞ «ስለ እኔ ጥቂት ነገር ላስጠናህ፣ ይጠይቁሃል» ስትልህ «ስለ አንቺ ከኔ በላይ ማን ያውቃል?» አልካት።

ሹፌሩ፦ ደስ ይላታል ብዬ ነው እኮ! ደስ ብሏት ነበር።

አጣቢው፦ ምን አለች?

ሹፌሩ፦ ዝም አለች።

አጣቢው፦ ከዚያ ወደ ቤታችን መጣች። «ይሄ ሰው ለቃለ መጠይቁ እንዲህ ሆኖ ከቀረበ እኔ እሄዳለሁ፣ እሱ እዚህ ይቀራል» ብላ ሚስቴ ትከሻ ላይ አለቀሰች። ሚስቴ የእኛ ቋንቋ ግማሹ አይገባትም፤ አብራት አለቀሰች። ከዚያ እታለም ፊቷን ጠርጋ «ጥራውና አስተምረኝ በለው» አለችኝ። «ሰው ሲያስተምረው አይሰማም። ራሱ ሲያስተምር ግን የማያውቀው ነገር ላይ ሲደርስ ይነቃል።»

ሹፌሩ፦ እና አንተ ግራና ቀኝ የማታውቅ መስለህ…

አጣቢው፦ እሱንስ የእውነት ነው። አልጋ ግራ እንዳለው እስካሁን አልገባኝም።

ሹፌሩ፦ [በለሆሳስ] ፎቶዎቹስ? ለጠያቂዋ እነዚያን ነው ያሳየሃት?

አጣቢው፦ እነዚሁኑ። ጠያቂዋ አገላብጣ አገላብጣ «በሁሉም ብቻህን ነህ» አለችኝ። «ብቻዬን አይደለሁም፤ ዓይኔን እዪው፣ ወዴት ነው የሚያየው?» አልኳት። እንደገና ከመጀመሪያው ጀምራ አየቻቸው፤ ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለቱንም። ካልሲ የምፈልገው ላይ ስትደርስ ሳቀች። ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችኝም።

ሹፌሩ፦ እኔ አርባ ፎቶ አለኝ። ጎን ለጎን የተነሣናቸው። ክንዴን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጌ።

አጣቢው፦ አይቻቸዋለሁ። በሁሉም ለፎቶ አንሺው አቋቋም እያስረዳህ ነው።

[ሹፌሩ ይነሣል፤ ይቀመጣል፤ ይነሣል። ወረቀቱን አጥፎ ይዘረጋዋል።]

ሹፌሩ፦ ስንት ሰዓት ነው? ሰባት! ነገ ሦስት ሰዓት… ሃያ ሰዓት አለኝ። ዘጠኝ ዓመት በሃያ ሰዓት! አንተ፣ ጻፍልኝ። ልደቷን፣ ስኳሩን፣ ወጥ ቤቱን፣ ሁሉንም በቁጥር በቁጥር አድርገህ። ሌሊቱን ሸምድጄ አድራለሁ።

አጣቢው፦ እኔ የማውቀው እህቴን ነው፣ ጋሼ። ሚስትህን አላውቃትም። ከመስኮቱ ወይም ከግድግዳው በየት በኩል እንደምትተኛ ከየት አመጣልሃለሁ?

ሹፌሩ፦ በ… በ…

[እጁን ወደ ግራ ይዘረጋል፤ ይመልሰዋል፤ ወደ ቀኝ ይዘረጋል።]

ሹፌሩ፦ እኔ ሌሊት ከታክሲ ሥራ ስገባ ተኝታ ነው የምትቆየኝ፤ መብራት አላበራም፣ እንዳልቀሰቅሳት። ይሄስ አይቆጠርልኝም?

አጣቢው፦ [ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብሎ] ይቆጠርልሃል። እሱን ንገራቸው። ያ የባል መልስ ነው።

ሹፌሩ፦ አንድ አገኘሁ! ሌላውንስ?

አጣቢው፦ ሌላውን እሷን ጠይቃት። ዐሥር ሰዓት ከሥራ ትወጣለች። ታክሲውን አቁመህ፣ ሬዲዮውን ዘግተህ፣ ጠይቃት።

ሹፌሩ፦ ጠይቄያት አላውቅም እኮ። እንዴት ነው የሚጀመረው? «በሕጉ መሠረት» ብዬ ልጀምር?

አጣቢው፦ ሕጉን ተወው።

ሹፌሩ፦ «ከልምዴ እንደማውቀው…»

አጣቢው፦ እሱንም ተወው።

[ሹፌሩ የመኪናውን ቁልፍ ያወጣል። ደጃፉ ላይ ደርሶ ይመለሳል። ቃሉን አፉ ውስጥ እንደ ትኩስ ድንች ያገላብጠዋል።]

ሹፌሩ፦ እሺ… «አላውቅም፤ አንቺ ንገሪኝ» ልበላት?

አጣቢው፦ በላት። ግን አደራህን፣ ቀስ ብለህ አስለምዳት። ዘጠኝ ዓመት ሰምታው የማታውቀውን ነገር ባንዴ ካወረድክባት ነገ ጠያቂዋ ፊት «ይሄ ሰውዬ ባሌ አይደለም» ብላ ትመሰክርብሃለች።